የጎባው ግቢያችን ሰርዶ

አባቴ ከሰሜን ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ ነበር። ጎባ ከተማ ስትቆረቆር ለእሱም ከተዳፋቱ ላይ የቤት ቦታ ተመራ፤ እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። የግቢያችን ጭቃ በክረምት እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጥ ነበር። እናቴ ድንጋይ ብታነጥፍም፣ ጭድ ብትበትንም አልሆነላትም።

መላ ያመጡልን ከጅረቱ ማዶ የሚኖሩት አሮጊት ናቸው። አገሬው ትልቅ ሴትን እንደሚጠራው አዴ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ከመስካቸው የነቀሉትን ሰርዶ በአቁማዳ ተሸክመው መጡ። ሐረጉን በስንዝር በስንዝር እየቆረጡ፣ “ዓይኑን አፈር አልብሺው፤ ጫፉን ተይው፣ እሱ መንገዱን ያውቃል” አሉኝ በኦሮምኛ። ዓይን ያሉት ሥር የሚወጣበትን አንጓ ነው። እናቴም ጎንበስ ብላ አብራን ተከለች። በጎች እንዳይግጡት በእሾህ አጠርነው። ሲያንሰን እኔ እየተሻገርኩ ከመስካቸው ነቅዬ አመጣለሁ። በሁለተኛው ክረምት ግቢው ሁሉ ለበሰ፤ የዕቃ እጣቢ ስለምናጠጣው በበጋም አልደረቀም።

አንድ ጠዋት አባቴ፣ “ይህን ከየት ነው የምታመጪው? እስቲ አሳዪኝ፤ ለአለቃዬም ግቢ እንተክልለታለን” አለኝ።

እጁን ይዤ ወሰድኩት። መስኩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ፣ ምንጩ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ከብቱ በየትኛው ወር ለግጦሽ ወደ ተራራው እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩት፤ ከዚያ በፊት እንዲያ አድርጎ አዳምጦኝ አያውቅም።

ከብቱ በወጣበት ወር ቀያሾች ቃላዳቸውን፣ የመሬት መለኪያውን ገመድ፣ ይዘው መጡ። አባቴ ፊት ፊት እየመራ፣ “ጠፍ ነው፤ ሰው የለበትም” አላቸው።

“አባዬ፣ የአዴ ነው እኮ!” አልኩ ከኋላ።

“ወደ ቤትሽ!” አለኝ ሳይዞር። መስኩ በእሱ ስም ተለካ።

በማግስቱ አዴ በራችን ላይ ቆሙ። አልጮኹም። “መስኩን ያሳየሽው አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

“ለተክል ነው ብሎኝ ነው።”

“እኔ እኮ ልጄ ብዬሽ ነበር” ብለው ሄዱ። ልጆቻቸው ጭሰኛ ከምንሆን ብለው ከብታቸውን እየነዱ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሪራ ወረዱ፤ እሳቸውም አብረው። ዳግም አላየኋቸውም።

እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። “አውቃለሁ። ታዲያ እኛስ ምን እንብላ?” አለች፤ እጇን ከሥራዋ እንኳ አላነሣችም። ያን ቀን ከአባቴ ይልቅ እሷ አንጀቴን አሳረረችው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ሰውም ስለ ቦታም ሲጠይቀኝ “አላውቅም” ማለት ለመድኩ። ሲድረኝ ግን ያንኑ መስክ በሽማግሌዎች ፊት “ለልጄ ሰጥቻለሁ” አለ። እምቢ ልል አፌን ከፈት አደረግሁ። ባሌ ቀድሞኝ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እኔም አብሬው ጎንበስ አልኩ።