ለቅድስት ዚታ ያስገባሁት ጥላ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ ጎረቤት ከተማ ወደ አሌክሳንድሪያ የምሄደው እንደ ሌላው ቀን ለሥራ ሳይሆን ስለቴን ለማስገባት ነው። በእጄ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፈይ ጥላ ይዣለሁ። እናቴ ልከዋት መርካቶ ወርዳ፣ ተከራክራ ገዝታ፣ በመንገደኛ የላከችልኝ ትርፌ ናት፤ አዲስ አበባ እናቴ ቤት ያለችው ሠራተኛችን። እዚያ ሳለሁ እኔ እመቤት ነበርኩ፤ ቁልፍ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የምጮኸው በእሷ ላይ ነበር። ጉድ እኮ ነው፤ ዛሬ የሰው ቤት ሠራተኛዋ እኔው ሆኛለሁ።

ቀዩ ባቡር ላይ

ሰዉ ሁሉ ጥላዬን ያያል። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ያገሬ ሰው አላስቻለውም።

«እትዬ፣ ታቦት የሚወጣው የት ነው?»

«ለቅድስት ዚታ ነው፤ የካቶሊክ ናት።»

«ኧረ በማርያም! የእኛዎቹ አልቀው ነው?»

«የእኛዎቹማ አሉልኝ። ይቺ ግን እንደኔ የሰው ቤት የሠራች ናት» አልኩትና እስከ ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ድረስ ታሪኳን ነገርኩት።

ዚታ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ጣሊያን አገር፣ ሉካ በምትባል ከተማ የኖረች ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አንድ ባለጸጋ ቤት በገረድነት ገባች፤ አርባ ስምንት ዓመት አገልግላ እዚያው ሞተች። ባልደረቦቿ ይጠሏት ነበር፤ እሷ ግን ከአፏ ነጥቃ ለድሃ ትሰጣለች። አንድ ቀን ችግረኛ ልትረዳ ሄዳ ብትዘገይ፣ ዳቦውን መላእክት ጋግረው ጠበቋት ይባላል። ዛሬም የቤት ሠራተኞች ጠባቂ ናት፤ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ይማጸናታል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከአሠሪዬ ከሚስስ ሮዛ ነው። ወላጆቻቸው የሉካ ሰዎች ስለነበሩ፣ የዚታን ሥዕል ኩሽናቸው ውስጥ ሰቅለዋል። በጃንዋሪ፣ በዚያ በረዶ፣ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ። ድስቱ እሳት ላይ ነው፤ አሮጊቷ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ውስጥ ናቸው። ኪሴን ብዳብስ ቁልፉ የለም! «ዚታዬ፣ አንቺም ገረድ እኔም ገረድ፤ ቁልፉን ስጪኝና ጥላ አስገባልሻለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው ከቆሻሻው በርሜል ሥር ብልጭ አለልኝ። ስገባ ድስቱ ከስሏል፤ ሚስስ ሮዛ ግን ደህና ነበሩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ በእግሬ ወጥቼ፣ ሚስስ ሮዛን ከቤታቸው ይዤ፣ ወንበራቸውን በጡቡ መንገድ ላይ እየገፋሁ ቤተ ክርስቲያናቸው ደረስን። ቄሱ ጥላውን አገላብጠው አዩት።

«በጣም ያምራል፤ ግን ምን እናደርገዋለን? የዚታ ሐውልት እንኳ የለንም።»

ክው አልኩ። ለካ ጥላ ማስገባት የእኛ ወግ ነው! ስለቴ አንገቴ ላይ ሊቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ሚስስ ሮዛ «ስጪኝ» አሉና ጥላውን ዘረጉት። ቄሱ «ቤት ውስጥ ጥላ መዘርጋት? በእኛ ዘንድ ገደ ቢስ ነው!» ብለው ሳቁ።

«ለዚታ አርባ ስምንት ዓመት ጥላ የያዘላት ማን ነው? ነይ፣ ሥሩ ግቢ» አሉኝ። ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከክሁ። በሁለት እጃቸው እላዬ ላይ ያዙልኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ቄሱ ጥላውን ተቀብለው ከእመቤታችን ሐውልት አጠገብ አቆሙት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቤቴ

መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት ትርፌን ነው። ለእሷስ ማን ያዘላት? የስልክ ካርድ ገዝቼ ገባሁና ደወልኩ። አዲስ አበባ መሽቷል፤ ግን አልተኙም። እናቴ አነሱት። ለመጀመሪያ ጊዜ «ትርፌን አቅርቡልኝ» አልኩ።

ስትሮጥ ኮቴዋ ተሰማኝ።

«እትዬ» አለች እያለከለከች፣ «ምን ጠፋ?»

«ምንም አልጠፋም ትርፌ» አልኳት። «ላመሰግንሽ ነው።»