በእኔ ጠርሙስ የበቀለው

ባለፈው ሳምንት ነፍሰ ጡር ልጄን ለክትትል ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ነርሷ የታሸገች ባለክዳን ዕቃ ሰጠቻት። ልጄ ሽንቷን ይዛ ስትመለስ አፍንጫዋን ሸብሽባ፣ «ሲያስጠላ፣ አባዬ!» አለችኝ። የሚያስጠላውን መች አየሽና፣ አልኩ በሆዴ።

በጉብዝናዬ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ባዶ ጠርሙስ እቸረችር ነበር። ነፍሰ ጡሮች ባያማቸውም ሽንታቸው ይመርመር ተብሎ ነበር፤ መቀበያ ዕቃ ግን ስላልነበረ «ከየትም አምጡ» ይሏቸዋል። የነጋዴ ዓይን ጉድለት አይስትም። የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ከየጥራጊው እለቅማለሁ፤ ከቆዳ ነጋዴዎች ግቢ በሚወርደው ቦይ አለቀልቀዋለሁ፤ እድፉ አልለቅ ካለ እፍ ብዬ በሸሚዜ ጫፍ እወለውለዋለሁ። ከዚያ «እናቶች! እንደ ጠበል የጠራ ጠርሙስ!» እያልኩ እጮሃለሁ። የጠበሉን ባለቤት እንኳ አልፈራሁም።

ነሐሴ ላይ ነው። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ስበላ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ሰናይት ጠራችኝ። ከሌላ አገር የመጣች፣ ቃል የማታባክን ሴት ነበረች። የረጋ ደም የመሰለ ነገር ያለበት ክብ ሳህን አሳየችኝ።

«የበግ ደም ነው» አለች። «ሽንቱን በዚህች ሽቦ እቀባበትና ሙቀት ውስጥ አሳድረዋለሁ። እናትየዋ ሕመም ካለባት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት የጀርም ዘር ይበቅላል። ካንተ ጠርሙስ የበቀለውን ግን ተመልከት።»

ግራጫው፣ ቢጫው፣ ዝልግልጉ ተደራርቧል። ሽታው የሞተ አይጥ ነው። 

«ታዲያ ሁሉም ታመዋል?»

«በምን ልወቀው? ማሳው ላይ እንክርዳድ ዘራህበት! ሌሎቹን አስደግሜያለሁ። ተዋበች የምትባለው የአንበሳሜዋ ግን ከትናንት ወዲያ ሽንቷን ሰጥታ ሄዳለች። ትናንት የበቀለው ተደባልቆብኝ ደግሜ ብቀባውም ዛሬም ያው ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባታል። ሂድና አምጣት።»

አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። መንገዱ ጭቃ፣ ሰማዩ ዝናብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደርሼ ቤቷን እያጠያየቅኩ ስገባ፣ ተዋበች በጋቢ ተጠቅልላ፣ ወገቧን ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

«አንተ ባለጠርሙሱ!» አለችኝ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ለኔ ብለህ በዚህ ዝናብ?»

«ላንቺ ብዬ ነው፣ እታለም» አልኳት።

ጎረቤቶቿ በቃሬዛ መኪናው ድረስ አደረሷት። ጤና ጣቢያ እንደገባች መድኃኒት ተጀመረላት። በንጹሕ ዕቃ የሰጠችው ሽንትም በማግስቱ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ አበቀለ። ሰናይት ሳህኑን አሳየችኝ። ተዋበች ተረፈች፤ ጽንሱ ግን መድኃኒቱን አልጠበቀም።

እስከ ዛሬ ለፋሲካ ቅቤ ትልክልኛለች። «በዝናብ መጥቶ ነፍሴን ያተረፈ ሰው» እያለችም ለሰው ታወራልኛለች። በበሽታዋና በሐኪሟ መካከል የኔ ቆሻሻ ገብቶ አንድ ቀን እንደበላባት አልነገርኳትም። ብነግራት መጽናኛዋን መንጠቅ ይሆንብኛል እላለሁ፤ ይህም የፈሪ ሰበብ እንደሆነ አላጣሁትም። ባለቤቴ ቅቤውን አንጥራ ዶሮው ላይ ስታፈስሰው ቤተሰቡ ሁሉ ጾሙን ይፈታል፤ እኔ ዳቦ በውሃ እበላለሁ።