በምሳ ሰዓቴ ያነሳሁት እንሰት

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ ጉራጌ ውስጥ አታት አካባቢ የመጣሁት ነርስ ሆኜ ነው። ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፣ ስወጣ ደግሞ ይመሻል። ለፎቶግራፍ የምትተርፈኝ የምሳ ሰዓቴ ብቻ ነበረች። ሌላው ፎቶ አንሺ የቀትሩን ፀሐይ ሸሽቶ ካሜራውን በሚከትበት ሰዓት እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ እወጣለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ለሰው የሚታዩ አልነበሩም። ሰማዩ ነጭ ጨርቅ ይመስላል፣ እንሰቱ ጠቁሯል፣ ጎጆዎቹ መሬት ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። ማታ ማታ እያየሁ አጠፋቸው ነበር።

አንድ ቀን ጀፎረ በሚሉት ሰፊ የመንደር መንገድ ላይ፣ ሣሩ መሐል ቆሜ ከብርሃኑ ጋር ስታገል አንዲት እናት ከጓሯቸው ተጣሩ።

"ሲስተር! በዚህ ፀሐይ ምን ሆነሽ ነው? ነይ ተጠለይ!"

እንሰታቸው ውስጥ ገብቼ ቀና ስል ደነገጥኩ። ከውጭ ጥቁር የነበረው ቅጠል ከሥሩ ሲያዩት በርቷል። ፀሐይዋ ሰንጥቃው እያለፈች እያንዳንዱ መስመሩ ይቆጠራል። በሁለት የእንሰት ግንዶች መሐል ደግሞ ሣሩና ከማዶ ያለው ጎጆ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

"እማማ፣ እዚህ ጋ ልቁም?"

"ቁሚ! ማን ከለከለሽ?"

ቁጢጥ አልኩ። ሰማዩን ከምስሉ ጨርሼ አስወጣሁት። የካሜራውን ብርሃን በበራው ቅጠል ልክ አስተካከልኩ፣ ጥላው እንደፈለገ ይጥቆር ብዬ ተውኩት። አንዲት ጥጃ ወደ ሣሩ ብቅ ስትል ቁልፉን ተጫንኩት። ፎቶውን ካሜራው ላይ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ።

ወልቂጤ ላይ የፎቶ ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ ይህችኑ ፎቶ ላክሁ። አሳድገው መግቢያው ላይ ሰቀሏት። እማማን በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ፤ አዲስ ሻሻቸውን አስረው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ፎቶዋ ፊት ቆመው አገኘናቸው።

"በማለዳ ያነሳሽው ነው አይደል?"

"የለም፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።"

"በዚያ ፀሐይ?"

"አዎ፣ በዚያ ፀሐይ!" ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ፤ አላፈርኩም።

እማማም ቀጠሉ፦ "ጓሮው የኔ ነው! እንሰቱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ።"

ሰውየው ሳቁና ከፎቶዋ አጠገብ እንድንቆም ጠየቁን። እማማ ሻሻቸውን አስተካክለው ክንዴን ያዙኝ። ሁለታችንም ደረታችንን ነፍተን ቆምን። ሰውየው አንስተው ጨርሰው ካሜራቸውን ሲያወርዱም ከቦታችን አልተነቃነቅንም።