የሰላምታ አድማ በቆላ ማዘጋጃ ቤት

ማክሰኞ ንጋት፣ አዋሳ

ጎሕ ሳይቀድ የላንድሮቨሩ ጡሩምባ ደጃፌ ላይ ጮኸ። ሹፌራችን ሸምሱ ነው። የጉራጌ ልጅ ነው፤ ያደገው ግን አባቱ ነጌሌ በከፈቱት ሱቅ ባንኮኒ ሥር ስለሆነ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ያንበለብለዋል።

"የምንሄደው ሠራተኛ ልንቀጣ ነው ወይስ አለቃ?" አለኝ ገና ሳልቀመጥ።

"ገና አላወቅሁም።"

"አልሐምዱሊላህ! ፈርደው የሚሳፈሩ አሉ።"

እንጀራዬ የማዘጋጃ ቤቶችን የሠራተኛ ክርክር መመርመር ነው። ከነጌሌ ወዲያ ካለች አንዲት የቆላ ከተማ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውሎ "ሠራተኞቼ አድመውብኛል" ብሎ ነበር። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ሰውየው ነገም እዚያው ውሎ የሚያድር ነው። አድማ የምትለው ቃል ደግሞ በዚህ ዘመን በስልክ ጮክ ብለው የማይጠሯት ናት። ሥራ አቁመዋል? አላቆሙም። ያረፍዳሉ? አያረፍዱም። ታዲያ ምን አደረጉ?

"ሰላም አይሉኝም።"

ባልደረቦቼ በሳቅ ፈነዱ። ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ነገር ስሰማ መኮሳተር ልማዴ ነውና እኔ ልሂድ አልኩ።

ማክሰኞ ቀን፣ ወደ ቆላው

አፖስቶ ላይ ከዋናው መንገድ ተገነጠልን። እስከ እኩለ ቀን እንሰት፣ ቡና፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። ክብረ መንግሥት ላይ ጥብስ በላን፤ ሁለት ብር። ሥጋው የፍየል ነው ተብሎ የቀረበ ቢሆንም ጥርሴ እስካሁን ይጠራጠራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምድሩ ቀይ ነው፤ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ መንገድ ዘግቶ የሚያመነዥክ ግመል። ዝናብ ከጠፋ ቆይቷል። ጥላ ሥር የተኙ የመሰሉኝ ከብቶች ስንጠጋ የተኙ አልነበሩም። ሸምሱ ቀስ ብሎ አለፋቸው።

ነጌሌ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የሸምሱ አባት ሱቅ በር ላይ ወተት የበዛበት ሻይ ጠጣን። አንድ ሽማግሌ ከሸምሱ ጋር ሰላምታ ጀመሩ፤ እኔ ሻዬን ጨርሼ፣ ደግሜ አስቀድቼ፣ ሁለተኛውንም ስጨርስ ገና ስለ ፍየሎቹ ይጠያየቁ ነበር።

"ምን ፈልገው ነው?" አልኩት በኋላ።

"ምንም። ሰላም ሊሉኝ ነው።"

ረቡዕ፣ ማዘጋጃ ቤቱ

ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ቀለሙ የወየበ መፈክር፣ በሩ ላይ መጥረጊያ የያዙ ሴቶች። "አካም! ናጋ?" ብለው ተቀበሉን። መንገዱን፣ አዳራችንን፣ የአዋሳን ዝናብ፣ የልጆቻችንን ጤና ጠየቁ። በመሀል አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት በበሩ ገባ። ሁሉም ዝም አሉ። መጥረጊያዎቹ ብቻ ሥራቸውን ቀጠሉ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ በመካከላቸው አለፈ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታደለ ማለት እሱ ነው።

ቢሮው ውስጥ ነገሩን አስረዳኝ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ አስተዳደር ተምሮ፣ እዚህ ተመደበ። አንድ ቀን ወደ ውሃ ፓምፑ ጎራ ቢል ፓምፑን የሚጠብቀውና የሚያስነሳው ጉዮ የለም፤ በቦታው ያለው የማያውቀው ሰው ነው።

"ውሃ ተቋርጦ ነበር?"

"አንድም ቀን አልተቋረጠም።"

"ታዲያ?"

"ጓድ፣ ያልተቀጠረ ሰው እኮ ነው ከተማውን የሚያጠጣው! የፈለገ እየሄደ የፈለገውን ከተካ እኔ የማን አለቃ ነኝ?"

እውነቱን ነው። ጉዮን አሰናበተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ቀረ፤ መጀመሪያ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀጥሎ ከገበያው። "ሻይ ቤት ስገባ ሻይ ይቀርብልኛል፤ ቃል ግን አይቀርብልኝም" አለኝ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ጉዮ ይመለስ አይመለስ አልልም። እኔን ግን ወደፈለጋችሁት አዛውሩኝ።"

ስንብቱን የማጽደቅም የመሻርም ሥልጣን የእኔ ነው። ጉዮ ከብቶቹን ድርቁ ጨርሶበታል፤ ለሚስቱና ለልጆቹ የቀረው ያ የጥበቃ ደመወዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት ጠራጊዎቹን ለማነጋገር ወጣሁ። የሚናገሩላቸው አዴ ሎኮ የሚባሉ አሮጊት ናቸው፤ ሸምሱ "አዴ"፣ እናቴ እንደ ማለት፣ እያለ እጃቸውን ይስማል።

"ጉዮ ለምን ሳያስፈቅድ ሄደ?" አልኳቸው።

"ማን አለ ሳያስፈቅድ? ሊያስፈቅድ ገብቶ ነበር! የጎሳው ኤላ፣ የውሃ ጉድጓዱ ማለቴ ነው፣ ተንዶ ተደፈነ። ኤላ ሲቆፈር የቀረ ወንድ፣ ያ ወንድ ነው? ቢሮ ገባ፤ ሰላምታ ጀመረ። ቤቱን ጠየቀ፣ ዝናቡን ጠየቀ። ይኼ ልጅ 'ጉዳይህን ባጭሩ' አለው።"

"ታዲያ ባጭሩ አይነግረውም ነበር?"

"አንቱ! ሰላምታ ሳያልቅ ጉዳይ? እንደ ቀማኛ?" ሴቶቹ በሐሳቡ ሳቁ። "ደህና ዋል ብሎ ወጣ። ፓምፑን ለወንድሙ ሰጥቶ ሄደ። ከተማው ጠማው?"

"አልጠማውም።"

"እህ!"

"እንግዲያው ሥራ አስኪያጁን እናዛውርላችሁ።"

አዴ ሎኮ መጥረጊያውን ጣሉት። "እንዳታደርጉት! ይኼንን እያስተማርነው ነው፤ ሊገባውም ተቃርቧል። ሌላ ብትልኩ ከሀ ልንጀምር ነው?"

ከሰዓት በኋላ መመሪያውን አገላበጥኩ። ሰላምታ መንፈግን የሚከለክል አንቀጽ የለም። የሰው ሰላምታ ማቋረጥን የሚከለክልም የለም። እኛ ሠራተኛ አስተዳደር የምንለው ትምህርት ሰው ቢሮ ከገባበት ደቂቃ ይጀምራል፤ እዚህ አገር ሰው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ከብት፣ ዝናብና ዘመድ አለው፤ እነሱን በር ላይ አስቀምጦ አይገባም። ይህን ስል በታደለ ላይ መፍረዴ አይደለም። ማንም ሳያነጋግረው እየዋለ በየማለዳው በዚያ በር ማለፍ የሚጠይቀው ድፍረት ቀላል አይደለም።

ብፈርም አንድ ቤተሰብ ይራባል። ብሽር ደግሞ ጉዮ ወደ ተሸነፈ አለቃ ይመለሳል፤ የተሸነፈ አለቃ ደግሞ ሌላ ሰበብ አያጣም። ስለዚህ ታደለን "ነገ ወደ ኤላው እንሂድ" አልኩት።

"እሱ ነው ወደኔ መምጣት ያለበት!"

"መጥቶ ነበር እኮ።"

መነጽሩን አውልቆ ሲወለውል ቆየ።

ሐሙስ፣ ኤላው

ከፊልቱ መንገድ ወጥተን በአሸዋ ላይ ነዳን። ድምፁ ቀድሞ ደረሰን፤ ከመሬት በታች የሚዘምሩ ወንዶች። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ሰዎቹ ከግድግዳው በተሰካኩ እንጨቶች ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ጭቃውን በቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ዜማው እጃቸውን ያስተካክልላቸዋል። ሸምሱ ቁልቁል ተጣራ። ጉዮ ወጣ፤ ከዓይኑ በቀር ሁለመናው ጭቃ ነው። ታደለን ሲያይ ቆመ።

"የመጣ ነው የሚጀምረው" ብሎ ሸምሱ በታደለ ጆሮ ሹክ አለ።

"ናጋ?" አለ ታደለ።

"ናጋ" አለ ጉዮ ቀስ ብሎ። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። "ደህና መጡ? መንገዱ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ከብቱስ?"

"ከብት የለኝም።"

"ባለቤትዎስ?"

"አላገባሁም።"

"ከብትም የለ፣ ሚስትም የለ!" አለ ጉዮ፤ አፋፉ ላይ ያሉት ሳቁ። ታደለም ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

"እናትዎስ? ደህና ናቸው?"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ወደ ጉድጓዱ አየ፤ ወደ መኪናው አየ።

"ሞታለች" አለ።

"መቼ?"

"ባለፈው ወር። ቀብሯ አልደረስኩም።"

"ለማን ነገሩ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ሸምሱ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ።

ጉዮ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ አንድ ቃል ተናገረ። ዜማው ተቋረጠ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ የታደለን እጅ ጨበጡ፤ ከዚያም በዙሪያው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ ረጅም ነገር ተናገሩ። ሸምሱ ሊተረጉምልኝ ጀምሮ ተወው። ታደለ ግን ያለ አስተርጓሚ አነባ።

ጥላው ሲዞር ታደለ ፊቱን በመሐረብ ጠርጎ መነጽሩን አደረገ።

"ጉዮ፣ ያን ቀን ቢሮዬ የመጣህበት ጉዳይ ምን ነበር?"

ጉዮ ራሱን ነቀነቀ። "ዛሬ አይነገርም። ሐዘን ላይ ነዎት። ሰኞ ቢሮ መጥቼ እነግርዎታለሁ።"

"ና" አለው ታደለ። የስንብቱ ወረቀት ሳልፈርምበት ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።