ያላነበብኩት ገጽ

ሰው የሚያውቀኝ በድምፄ ነው። ሸዋ በር ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ስል ከኋላ የተቀመጠች ሴት "ያ ሻምበል ሞተ ወይስ ዳነ?" ብላ ትጠይቀኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ልብ ወለድ ስለምተርክ ያነበብኩት ሁሉ በእኔ የደረሰ ይመስላቸዋል። ሚስቱን የሚደበድብ ሰውዬ ታሪክ ባነበብኩ ሰሞን ጎረቤቴ ሰላምታ ነስታኝ ከርማለች። ይህን እያማረርኩ እኮራበት እንደነበር አልደብቅም።

በዘንድሮው ዐቢይ ጾም አንድ የጦር ሜዳ ልብ ወለድ ጀመርኩ። ዋናው ሰው ድቁናውን ትቶ የዘመተ ወታደር ነው። መጽሐፉ አጋማሽ ላይ ጓደኛውን በገዛ እጁ ይቀብራል። ከቀብሩ ቀጥሎ አንዲት ገጽ አለች፤ በእሷ ላይ ወታደሩ ፈጣሪውን ብዙ ጊዜ እንደጠራ፣ የመለሰለት እንዳልነበረ፣ ከእንግዲህም እንደማይጠራው ይናገራል። አይጮህም፣ አያለቅስም፤ ተረጋግቶ ነው የሚለው። ደራሲው ከዚያ ወዲያ ነገሩን ደግሞ አያነሳውም። ያቺ ገጽ ከወጣች ሰውየው እምነቱን እንደያዘ አገሩ የገባ ይመስላል።

ቤቴ ቁጭ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተለማመድኳት። በሦስተኛው መስመር ላይ ፈራሁ። እሑድ ጠዋት በዚሁ ድምፅ ከምእመናኑ ጋር "እግዚኦ መሐረነ" ልል ነው። አጠገቤ የሚቆሙት ሽማግሌዎች ምን ይሉኛል? ጎመን በጤና አልኩና ተውኳት።

ስቱዲዮ ስንገባ ቀብሩን አነበብኩና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ተሻገርኩ። የሚቀዳኝ የጀጎል ልጅ ነው፤ መጽሐፉን ከእኔ ቀድሞ ጨርሶታል። መሣሪያውን አቆመው።

"አቦ፣ ገጽ ዘለልክ እኮ።"

"ለአድማጭ ይከብዳል ብዬ ነው።"

"ለአድማጭ ነው ላንተ? የሰው ጽሑፍ እኮ አማና ነው፤ እንደተሰጠህ ነው የምታደርሰው።"

አንተ ቁልፍህን ተጫን አልኩት፤ ክፉ ነበርኩ። ትከሻውን ሰበቀና "ኸይር፣ ይሁን" ብሎ ቀጠለ። ቅዳሜ እንደዚያው ተላለፈ።

ከሳምንት በኋላ ከጣቢያው ስወጣ አንድ ወጣት በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፀጉሩ አጭር ነው፤ አቋቋሙ ወታደር እንደነበር ይናገራል።

"ጋሼ፣ ከቀብሩ ቀጥሎ ያለውን ለምን ተዉት?" አለኝ።

ሰዓት አጥሮን ነው አልኩት። ውሸቱ ወዲያው ነው የመጣልኝ።

"መጽሐፉን አንብቤዋለሁ" አለ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቅጥሩ ሥር ቆመን ነገሩን አወራኝ። ከእናቱ ጋር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እሱ ግንባር በነበረ ጊዜ እናቱ ተስለው፣ ሲመለስም ስለታቸውን አግብተዋል። እሱ ግን ከዚያ ሲመጣ እምነቱ አብሮት አልመጣም። ሊነግራቸው በሞከረ ቁጥር ፊታቸውን ያይና ይውጠዋል። እናቱ ትረካውን ስለሚወዱ ያቺ ገጽ የምትነበብበትን ቅዳሜ ሲጠብቅ ቆየ። ራሱ ሬዲዮኑን ከፍቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"እርስዎ ካነበቡት በኋላ 'እማዬ፣ እኔም እንደሱ ነኝ' ልላት ነበር። መጀመሪያው ነው የሚያቅተኝ።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

"'አየህ፣ ያን ሁሉ አይቶም ፈጣሪውን አልተወም፤ አንተም እንደሱ ነህ' አለችኝ። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ለፋሲካ ልታቆርበኝ ነው። ጋሼ፣ ቁርባን ለኔ ምንም ባይሆን ለእሷ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እያታለልኳት አልቆርብም።"

አንገቴን ደፋሁ። ያቺን ገጽ የዘለልኩት ስሜን ላድን ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ የእናቱን አምላክ እንዳያረክስ ይጨነቃል፣ ያውም ሳያምንበት። ቤታችሁ መጥቼ እኔው አነብላቸዋለሁ፣ ቃሌ ነው አልኩት። አመነኝ።

በነጋታው ሄድኩ። እናቱ ደጃፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። "ቤቶች" ስል ቀና አሉ፤ ድምፄን አውቀው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

"በሬዲዮ ስሰማህ እኮ ግዙፍ ሰው ነበር የምትመስለኝ" አሉ።

ልጃቸው ከውስጥ ወጥቶ በርጩማ አቀረበልኝና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከትረካው የቀረች ነገር ስላለች ላነብልዎት መጣሁ አልኳቸው። ሰፌዱን አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከቀብሩ ጀመርኩ። ገጹን ልገልጥ ስል እጄን ያዙኝ።

"ይችን የሰማሁ ዕለት ነው ልጄ በነፍሱም መዳኑን ያወቅኩት። እስከዚያ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። እግዜር ድምፅህን ይባርከው፣ የኔ ልጅ።"

ልጁ ቀጥል በሚል ዓይን አየኝ። መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፤ ፊደሉ ይታየኛል። ማንም ሽማግሌ አልነበረም፣ ሬዲዮም አልነበረም። ምርቃቱን ማጣት አልፈለግኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

"ይኸው ነው እማማ፤ እዚህ ላይ ያበቃል" አልኩና ዘጋሁት።

ልጁ ከግድግዳው ተላቀቀ። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ገጹን ፈለገና ማንበብ ጀመረ። እንደ እኔ አሳምሮ አያነብም፤ ቃል ይጎትታል፣ መስመር ይስታል፣ ይመለሳል። አንድም ቃል ግን አልዘለለም። ሲጨርስ እናቱ ቀና ብለው አዩት።

"ይሄ የመጽሐፉ ሰው ቃል ነው?" አሉ።

"የኔም ነው፣ እማዬ።"

የሚነሱ መስሎኝ ነበር፣ አልተነሱም። የልጃቸውን እጅ ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እያወቅህ ዘግተህ ነው ልጄን ይህን በገዛ አፉ ያስባልከው?"

አዎ አልኳቸው።