ያልተተኮሰው ምንሽር

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት ጥይት አልተተኮሰልኝም። ጎረቤታችን ልጁን ዐረብ አገር ሲሸኝ ሦስት ጊዜ አስጩኾላታል። የእኔ አባት ግን ጎህ ሳይቀድ ምንሽሩን አንግቶ እስከ አርብ ገበያ በእግር ሸኘኝ፣ አውቶቡሱ ላይ አሳፈረኝ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ። መተኮስ አይችልም ነበር። የተሸከመው ጠመንጃ መዝጊያ የለውም። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውና የሚያቀባብለው ብረት ወልቆ አጎቴ ቤት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ አያሌው፣ በማሳ ድንበር ተጣሉ፤ አባቴም ምንሽሩን አነሣበት። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ተቀምጠው ፈረዱ፦ ጠመንጃው አባቴ ዘንድ ይቆይ፣ መዝጊያው ለአጎቴ ይሰጥ፣ ዕርቅ ሲወርድ ይገጠማል። ዕርቁ ሳይወርድ እኔ ወጣሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ከአባቴ ከተፋታች በኋላ በሱዳን አድርጋ ኖርዌይ ገብታ ነበርና አስመጣችኝ። ወንድሜ ደሳለኝ ግን ዐሥራ ስምንት ዓመቱን በጥቂት ወራት አልፎ ስለነበር ወረቀቱ ሳያካትተው ቀረ። እኔ አውቶቡሱ መስኮት ላይ፣ እሱ አባቴ አጠገብ። እስካሁን የማየው እንደዚያ ነው።

እዚህ ላላችሁት መንገሩ አያስፈልግም፣ እዚያ ላላችሁት ግን ልንገራችሁ፤ የጉና ተራራችን ብርድ ብርድ አይደለም። የጉና ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገር ብርድ ፀሐይዋንም ይዟት ይሄዳል፤ ክረምት ከገባ በቀትር መብራት ታበራላችሁ። ምግባቸው ደግሞ ብሩኖስት የሚሉት አለ፤ ቡናማ ነው፣ ይጣፍጣል፣ አይብ ነው ይሉታል። የአገሬ እረኛ ቢቀምሰው ከብቷ ታማለች ብሎ የሚጨነቅ ይመስለኛል። አውቶቡስ ውስጥ "እንደምን አደራችሁ" ብዬ የገባሁ ዕለት ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ዝም አለ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ማን እንዳናገራቸው ስላልገባቸው ነው።

ዜግነት ባገኘሁ በዓመቱ ደብዳቤ መጣ። ፎሽተጋንግስትየነስተ ይላል። የግዴታ ውትድርና ማለት ነው፤ እዚህ ወንድ ሴት አይልም። እናቴ ደብዳቤውን ይዛ ተቀመጠች። "ልጄን ከጠመንጃ አገር ያወጣኋት ጠመንጃ ላሸክማት ኖሯል?" አለች። እኔም ፈራሁ። ግን የዚህን አገር እንጀራ እየበላሁ፣ ትምህርቱን በነፃ እየተማርኩ፣ ተራዬ ሲደርስ እንቢ ማለትን ነፍሴ አልወደደችውም። ጸልዬበት ሄድኩ።

የምርመራው ቀን አንድ ሰውዬ ፎርም እየሞላ ጠየቀኝ።

"የማትበይው ምግብ አለ?"

"እጾማለሁ።"

"ስንት ቀን?"

"የዓመቱ ከግማሽ በላይ ይሆናል።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ሐኪም ያውቃል?"

"ካህኑ ያውቃል።"

"ስትጾሚ ምንድን ነው የምትበይው?"

"ምስር፣ ሽሮ፣ አትክልት።"

"እሱ ቬጋን ነው" አለና ፊቱ በራ፤ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት አደረገ። ሁለት ሺህ ዘመን የኖረ ጾም አንዲት ሳጥን ውስጥ ገባ። ደስ ባይለኝም ምግቡ በሰዓቱ ይመጣ ነበር፤ ለዚህ አመሰግናለሁ።

የደረሰኝ ክፍል የመሣሪያ ጥገና ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠመንጃዎቹ ወለል ላይ ሸራ ተነጥፎ ተደርድረዋል። ሌሎቹ ምልምሎች እየተራመዷቸው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፤ እኔ ግን በግድግዳው ጥግ ዞሬ ሄድኩ። አለቃችን ሂልደ የምትባል አጭር፣ ቆፍጣና ሴት ነበረች።

"ለምን ዞርሽ?"

"በእኛ አገር ሴት ጠመንጃ አትራመድም። ከተራመደችው ይከሽፋል።"

ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። "እዚህም ጠመንጃ አትራመዱም። እሷ ብቻ ናት ያወቀችው። እናንተ ሁላችሁም ተመለሱና ዙሩ" አለቻቸው።

በልጅነቴ የአባቴን ምንሽር ሳላየው ተራምጄው ነበር። "መልሰሽ ተራመጂ፣ ይፈታ" ብሎ አስጩኾኛል። እንግዲህ የዚያ ሰው ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጇ የጠመንጃ ዘይት እንደ ሸተተ ከረመች። መፍታት፣ መጥረግ፣ መመርመር፣ መግጠም። ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ወደ ሥራ እገባለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ እናቶች "ክርስቲያን ሴት፣ የሞት ዕቃ ስትወለውል" ብለው እንዳሙኝ ሰምቻለሁ። ይስሙኝ፤ እኔ ማንንም አልተኮስኩም። የእኔ ሥራ መሣሪያው የያዘውን ሰው እንዳይጎዳው ማድረግ ነበር። በእጄ አላፍርም፣ ያን ጊዜም አላፈርኩም።

አንድ ቀን ግን አጠፋሁ። የብዙ ጠመንጃ ብልት በየሳህኑ ፈትቼ ሳበቃ፣ እንደ ቤታችን ዕቃ አጠባ ሁሉንም አንድ መዘፍዘፊያ ውስጥ ጨምሬ አጠብኩና በአንድ ላይ ከመርኩት። እንዴት ጸዳ ብዬ ደስ ብሎኛል። ሂልደ መጥታ አየችው።

"የትኛው የየትኛው ነው?"

"ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።"

"አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንድ አይደሉም" አለችኝ። ቁጥራቸውን እያነበብኩ እያንዳንዱን ወደ ጠመንጃው ስመልስ ቀኑ መሸ። ስጨርስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ጠመንጃ አወረደችልኝ። አናቱ እንደ በቆሎ ልባስ ተቀዷል። "የሌላ ጠመንጃ መዝጊያ የገባለት ነው። ገባ፣ ተዘጋ፣ ደህና መሰለ። ሲተኮስ ግን ጥይቱ ወደ ኋላ ፈነዳ።" የተኳሹን ነገር ጠየቅኳት። አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። ሌላ ነገር አልነገረችኝም።

አባቴ የሞተው አገልግሎቴን ሳልጨርስ ነው። ፈቃድ ሰጡኝ፣ መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበርና አልደረስኩም። ቀብሩ ላይ ጎረቤቶች ተኮሱለት፤ የእሱ ምንሽር ግን ዝም አለ። አጎቴ ቀብሩ ላይ ቆመው አለቀሱ፣ መዝጊያውን ግን አላመጡም። ከዚያ ወዲህ ደሳለኝን ገበያ ላይ "አባቱን በሰው ጥይት ያስቀበረ" ይሉታል። ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ እሱ ይህን አይናገርም።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ደወለልኝ። ድምፁ ደስ ብሎት ነበር።

"የአባባ ምንሽር ዘንድሮ ይጮኻል።"

"አጎታችን መለሱልህ?"

"ማን ይለምናቸዋል? አርብ ገበያ አንድ ሰው ዘንድ መዝጊያ አገኘሁ። ልክክ ነው ያለው።"

"ደሴ፣ መዝጊያው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አለ። አንብብልኝ።"

እያጉረመረመ አነበበ። "ጠመንጃው ላይ ያለውንስ?" አልኩት። እሱንም አነበበ። አንዱም አኃዝ አልገጠመም።

"ቁጥር ነው እንዴ የሚተኩሰው?" አለኝ።

"ዓይንህን የሚያወጣው እሱ ነው።"

"ገባ እኮ እልሻለሁ።"

"የሰው ጫማም ይገባል። የሚያቆስለው ስትሄድበት ነው።"

"አየሽ፣ አንቺ ፈረንጅ አገር ሆነሽ ነው። እዚህ ሰው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ከለከለችኝ ልበል?"

"በል። ምን የተባለች ሴት ብለው ሲጠይቁህ፣ የሠራዊት ጠመንጃ ስትጠግን የከረመች በል። እኔ አላፍርም፤ አንተ ለምን ታፍራለህ?"

ስልኩን ዘጋብኝ። አጎቴ ጋ ደወልኩ። በትሕትና፣ "እንደምን ከረሙ፣ አጎቴ" ብዬ፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ብዬ ለመንኳቸው።

"ለዕርቅ የተሰጠኝ ነው፣ ልጄ" አሉኝ። "ለቁጣ አልመልሰውም። ደሳለኝ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።"

"እሱ አይመጣም።"

"የአባቱ ልጅ ነዋ" አሉ። "እኔስ የማን ወንድም ነኝ?"

ሳምንቱን ሙሉ ደሳለኝ አላነሣልኝም። ሂልደ አንድ ዓይኗን የሸፈነችበት እጅ ከፊቴ አልጠፋ አለ። ስእለት ተሳልኩ፤ ምን ብዬ እንደሆነ በእኔና በእመቤቴ መካከል ይቅር።

የሙት ዓመቱ ዕለት የጎረቤት ልጅ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ግን ደህና ነው። ድንኳኑ፣ ካህናቱ፣ የሴቶቹ ሙሾ። ደሳለኝ የአባቴን ምንሽር አንግቶ መሐል ገባ። አስለቃሿ የአባቴን ስም ከእነ አባቱ ጠራችና ቆመች፤ ተኩሱ የሚመጣው እዚያ ጋ ነው። እኔ እዚህ ኩሽናዬ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነበር። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ምንም አልጮኸም።

"ተኩስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?" አለ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

"አልተኩስም" አለ ደሳለኝ። "እኅቴ አትተኩስ ብላለች።"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። "እኅትህ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች?"

"ከአንተ ትበልጣለች። የሠራዊት ጠመንጃ ጠጋኝ ናት።" ይህን ያለው ለድንኳኑ በሙሉ በሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ ምንሽሩን አውርዶ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፋው፤ አስለቃሿም ጥይት እንደ ሰማች ሁሉ ሙሾዋን ቀጠለች።

ማምሻውን ራሱ ደወለ።

"ሰማሽ?" አለኝ።

"ሰማሁ።"

"ነገ ገበያ ላይ የሚሉኝን ደግሞ አንቺ መጥተሽ ስሚ።"

"በመጣሁ" አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያን ሰዓት በእግሬም ቢሆን በሄድኩ። "አጎታችንስ መጡ?"

"መጥተው ነበር። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። ቀኙን እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ሳያወጡ ዋሉ። ዝክሩን እንኳ በግራ ነው የተቀበሉት።"

መዝጊያውን ይዘው ነው የመጡት አልኩ በልቤ። ደሳለኝም ምን እንዳሰብኩ ያውቃል።

"ጠየቅሃቸው?"

"እሳቸው አልሰጡኝ፣ እኔ አልጠየቅኋቸው።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ተነሥተዋል። አጥሩ በር ላይ ቆመዋል፣ እዚህ ሆኜ ይታዩኛል።"

"ደሴ፣ ስልኩን አትዝጋው። እንደ ያዝከው ወደ እሳቸው ሂድ" አልኩት። እርምጃውን ሰማሁ፤ ድንጋዩን፣ ውሻውን፣ ትንፋሹን ሰማሁ። ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እስካሁን መልሼ እየደወልኩ ነው።