ሙሉቀን ያመጣት ሰሌዳ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም። ጾም ማፍረሴን ነግሬያቸዋለሁ፣ ጎረቤት ማማቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን መስቀል ተሳልሜ እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ተመላለስሁ። አሁን የምታነበው አንተ ስማኝ።

ልጄ ይበልጣል ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ ወረታ ላይ የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት ልክፈት አለ። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን አልፈለገም። ዕቃውን አንድ በአንድ መርጦ፣ በገዛ እጁ ገጥሞ፣ በአገሩ አቻ የሌለው ኮምፒውተር እንዲሆንለት ፈለገ። አባቱ የተወለትን ወይፈን ሸጠ። ጓደኛው ሙሉቀን የይፋግ ልጅ ነው፤ እሱም የዓመቱን ሩዝ ሸጦ ጨመረበት።

እኔ ቤት ተቀምጠው ለወራት መረጡ። ይህ ይሻላል፣ የለም ያኛው፣ ይህ ቶሎ ይግላል፣ ያ ከዚህ ጋር አይሄድም ይባባላሉ። አንድ ቀን ይበልጣል፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ብርቱ ሆኖ የሚያሰላው ፕሮሰሰር ደካማ ከሆነ አንዱ አንዱን ሲጠብቅ ይውላል አለ። እኔ ሩዝ እየለቀምሁ ነበር።

"እንደ በሬ ነዋ፤ ያልተመጣጠነ ጥማድ አያርስም" አልሁ።

ሙሉቀን ሳቀ። "ይኸው፣ እትዬም ገባቸው። አንተ ብቻ ቀረህ" አለው።

ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካባትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርድ የሚሏትን፣ የመረጠ ሙሉቀን ነው። ይበልጣል ሌላ ነበር የፈለገ። ሐምሌ ላይ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ሙሉቀን ባሕር ዳር ሄዶ አመጣት። ዝናቡ ሜዳውን ደፍኖት ነበር። እሱ እስከ አጥንቱ በስብሶ ገባ፤ ካርቶኗን ግን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ አስሯት ነበር። ፈትቶ ሲያወጣት እኔም በእጄ ዳሰስኋት።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስመለስ ዕቃውን ሁሉ ከካርቶን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደርድረውታል። መፍቻ ሊዋሱ ወጡ። እኔ ቀረሁ፣ በእጄም የጸበል ጠርሙስ አለ። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ፣ አዲስ መኪና ሲገዛ ጸበል ይረጭ የለም? ልጄ ግን በዚያ ዕቃ ሰበብ ሁለት እሑድ ቅዳሴ ቀርቶብኝ፣ ዕቃው አስቀይሞኝ ነበር። በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ ረጨሁ። ከላይ የታየኝን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ። ሥር የገባውን አላየሁም።

አላወቅሁም ልበል? ልጆቼን በእርጥብ እጃችሁ ማብሪያ አትንኩ እያልሁ ያሳደግሁ እኔ አይደለሁም? ባርክልኝ ብዬ ነው የረጨሁ፣ ወይስ አጥፋልኝ ብዬ? ያን ጊዜ በልቤ ሁለቱም ጸሎት ነበረ። የትኛው ከእጄ ጋር እንደ ወጣ ዛሬም አላውቅም።

ገጥመው ሲጨርሱ አበሩት። አንዴ ብልጭ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ባሕር ዳር ወስደው ለጠጋኝ አሳዩት። ሰሌዳዋ ላይ ውሃ ገብቷል፣ የተሰካባትም ተከትሎ ተቃጥሏል አላቸው። ተመልሰው እፊቴ ቆሙ።

"ዝናብ ላይ ያመጣሃት አንተ ነህ" አለ ይበልጣል። "የመረጥሃትም አንተ።"

"ከደረቴ አልወረደችም።"

"ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?"

ሙሉቀን ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ እርስዎ ዳስሰዋት ነበር። ደረቅ አልነበረችም?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ" አልሁ።

ይህን አልሁ። ልጄ ብዬው አልሁ። ሙሉቀን ጥቂት አየኝና ወጣ። ሩዙንም ወዳጁንም እኔ ቤት ትቶ ሄደ። የወረታ ጎረምሶችም መሳቂያ አደረጉት፤ ሙሉቀንን ዕቃ ስታሸክመው ጃንጥላም ጨምርለት ይባባሉ ጀመር። ሰማሁ። ሰምቼም ዝም አልሁ።

ከዚያ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባለበሰ ጊዜ፣ እህቴ ዘንድ ሄጄ ታመምሁ። ሙሉቀን መጥቶ በትከሻው ተሸከመኝ። ውሃው ወገቡ ድረስ ነበር፤ የእኔን እግር እንኳ አልነካውም። እኔን በጎርፍ መካከል ደረቅ አድርጎ ያሻገረ ሰው አንዲት ሰሌዳ ያረጥባል? ይህን ከእኔ በቀር ማን ሊመሰክርለት ይችል ነበር?

ብናገር ጸበል ዕቃ አበላሸ ይባላል፣ ለጸበሉ ክብር ዝም ልበል እያልሁ ራሴን ስሸነግል ኖርሁ። ጸበሉ ምን አደረገ? ያለ ቦታው ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። የፈራሁት ለጸበሉ አልነበረም፤ ልጄ ፊት እንዳላፍር ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይበልጣል ሌላ ሥራ አግኝቷል፣ እኔም ጤና ነኝ። ማመስገን አንድ ቀን አላቋረጥሁም። ምስጋናዬን ግን ይህች ነገር መሐል ላይ ትቆርጠዋለች። ሙሉቀን ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወርዶ ዕቃዬን ይጭንልኛል፣ እስከ ደጄ ያደርሰኛል። "ይበልጣል ደህና ነው?" ይለኛል። ደህና ነው እላለሁ። ልጄ ግን የእሱን ስም አያነሳም፤ ሲነሳበትም ከቤት ይወጣል።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ለይበልጣል እሰጠዋለሁ። ፊቱን እያየሁ ያነበዋል። ከዚያ ይፋግ እሄዳለሁ።

ሙሉቀን፣ ይቅር በለኝ ብዬ አልጀምርም፤ አውቅሃለሁ፣ ሳልጨርስ ይቅር ትለኛለህ። መጀመሪያ ያን ቀን የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። አዎ፣ ዳስሼያት ነበር። ደረቅ ነበረች።